የሥጋ ሻጩ የባዬ ጉበት

በዚህ ታሪክ ውስጥ ቅንጣት ውሸት ቢገኝ የማንኩሳ በርበሬ በሙሉ ዓይኔ ውስጥ ይፈጭ። እውነት ነው፤ ከእውነትም የበለጠ እውነት!

የቡሬው ሥጋ ሻጭ ባዬ እቤቱ መደብ ላይ ተንጋሎ ሞተ። ሬሳው እንደ እርድ ቢጫ፣ ሆዱ እንደ ነጋሪት የተወጠረ፣ በቀኝ ጎድኑ ሥርም የበሬ ጭንቅላት የሚያህል እብጠት ነበረበት። ኢንስፔክተር ሀይሉን ከፍኖተ ሰላም ጠሩት። ሀይሉ ማለት ሰባት ሌባ በአንድ እይታ የሚያስለቅስ ሰው ነው። የዚያ ቤት ግማት ግን መሀረቡን ካፍንጫው አላስነሳውም።

የሟች ወንድም ደጀኔ በሩ ላይ ተቀበለው።

«ገዳይዋ ይቺውልዎ! ሚስቱ ናት። መድኃኒት ብላ መርዝ አጠጣችው።»

አቻምየለሽ የሚጠባ ልጇን አቅፋ ጥግ ቆማለች። ልጇ ከጡቷ ተነጥቆ እሷ ወህኒ ለመውረድ የቀራት የሀይሉ አንድ ቃል ነበር።

«ምንድን ነው ያጠጣሽው?»

«ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ሰነበተ፣ ጌታዬ። ወጌሻው አያ አዛናው የወፍ በሽታ ነው ብለው ሥር ቀምመው በቅል ሰጡኝ። እሱ ግን ይመራል ብሎ አልቀመሰውም።»

ሀይሉ ቅሉን አነሳ። አፉ የታሰረበት ክር ገና አልተፈታም።

ከመቁረጫው ጣውላ ሥር ጥጃ የሚያህል ውሻ ጉበት ያላምጣል። ጉበቱ ውሃ በቋጠሩ ነጫጭ ፊኛዎች ተወርሯል፤ ባኘከው ቁጥር ጧ ይላል።

«ይኸን ማን ነው የሚጥልለት?»

«ባዬ ነበር» አለች አቻምየለሽ። «ለሰው የማይሸጠውን ለውሻው ነው። ውሻው ቂጡን በላሰበት ምላስ ተመልሶ የባዬን እጅ፣ ጢሙን ሳይቀር ይልሳል። በዚያው እጁ ይጎርሳል። ታጠብ ብለው መቼ ይሰማኛል!»

ሰባት ሌባ ያስለቀሰው ሀይሉ ወጥቶ አጥሩ ሥር አስመለሰ።

ሬሳውን የመረመረችው ዶክተር ትሕትና ሆስፒታል ጠበቀችው።

«ካንሰር ነው?» አላት።

«አይደለም። ጉበቱ አብጦ ከጎድኑ በታች ወርዷል። ውስጡ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ነበረ፤ በከረጢቱም ውስጥ የተላጠ ወይን የመሰሉ ልጆቹ። የውሻ ትል ነው። የሐሞቱን መውረጃ ስለተጫነው ሰውየው ቢጫ ሆነ።»

«የገደለውስ?»

«ከረጢቱ ፈንድቷል። ፈሳሹ ሆዱ ውስጥ ሲረጭ ሰውነቱ ተቆጥቶ ጉሮሮው ተዘጋ። ደግሞ ይዩት፣ እብጠቱ ላይ የጣት በልዝ አለ።»

በማግስቱ ሀይሉ ቤተሰቡን ባዬ ግቢ ሰበሰበ። ጎረቤቱ ተጨምሮ ሰባት ሺህ ሰው ነበር ቢባል ያንሳል።

«መርዝ የለም» አለ ሀይሉ፣ ቅሉን ከፍ አድርጎ። «ክሩ እንደታሰረ ነው። ደግሞ ዛሬ የተጠጣ መርዝ የከረመ ቢጫነት አያመጣም። እብጠቱን ያበቀለው የዚህ ውሻ ምላስ ነው። ያፈነዳው ግን የሰው እጅ ነው! በልዙን አይቻለሁ፤ አውራ ጣቶቹ ጎን ለጎን ጠልቀው የገቡ፣ ሆድ ማሸት የለመደ ሰው ጣቶች። በዚህ ግቢ ሆድ የሚያሸው ማነው?»

ዓይን ሁሉ ወጌሻው አዛናው ላይ አረፈ። ሽማግሌው ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«እኔ? በማርያም...»

«ዝም ይበሉ! ከኔ የሚሰወር የለም!»

ሀይሉ ካቴናውን ሲያወጣ የባዬ እናት እማ በለጠች ከደጁ መደብ ተነሡ። ድምፃቸው ከነጠላቸው ሥር በጭንቅ ይሰማል።

«ጌታው፣ እሳቸውን ይተዉዋቸው። አያ አዛናው ያን ዕለት ጠበል ብለው ግሽ ዓባይ ነበሩ። እቤቱ የነበርነው እኔና እሱ ብቻ ነን። እማዬ፣ እንደ ልጅነቴ ሆዴን እሺልኝ አለኝ። አሸሁት። ትንፋሽ ሲያጥረው፣ ያፈነው እብጠቱ መስሎኝ የባሰ ተጫንሁት።»