እናቴ ይቅር ያላለችበት ፊልም

ማክሰኞ ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ነበር የቀረጻ ቡድኑ በራችንን ያንኳኳው። እህቴ ከተገደለች አራት ዓመት ሆኗት ነበር። ገዳይዋ የቀድሞ እጮኛዋ ነው፤ ታስሯል። ሊሠሩ የመጡት ዘጋቢ ፊልምም ስለ እሱ ነበር።

ዳይሬክተሯ ሳሎናችን ውስጥ ተቀምጣ ጣቶቿን እያጠፈች ትቆጥር ጀመር። «ፊልማችን ሁሉንም ይወክላል። እስረኛው ድምፅ ከተነፈገ ማኅበረሰብ የመጣ ነው። የእስር ቤቱ ጠባቂ ሴት ናት። ጠበቃው ዓይነ ስውር ነው።»

«እህቴስ?» አልኩ።

«እሷማ ሟች ናት። በተዋናይ እናሳያታለን።»

የተዋናይዋን ፎቶ አሳየችኝ። ቀይ፣ ቀጭን፣ አንገተ ረጅም ልጅ። እህቴ ጥቁር ነበረች፤ ትከሻዋ የሰፋ፣ ስትስቅ ጎረቤት የሚሰማት ልብስ ሰፊ። ሰፈርተኛው «ከሰሌ» ሲላት «እኔ ባልኖር በምን ትሞቁ ነበር?» ትላቸው ነበር።

«ይቺ እሷን አትመስልም።»

«ተመልካች እንዲያዝንላት እኮ ነው፣ የኔ ቆንጆ።»

ጥግ ላይ ገመድ የሚጠቀልለው የድምፅ ባለሙያ ቀና ብሎ አየኝ። ጆሮው ድረስ አፍሮ ነበር። ማይኩን እናቴ ቀሚስ ላይ ሲያያይዝ ሁለቴ ከእጁ አመለጠው።

«ቀስ በል ልጄ፣ ዶሮ የምትሰርቅ ትመስላለህ» አለችው። እናቴ ስትቀልድ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

እስረኛውን ይቅር ትለው እንደሆነ ሲጠይቋት አንዲት ቃል መለሰች፤ «አልልም።»

ሲጨርሱ ባለሙያው ሁላችንንም ጸጥ እንድንል ለመነን። የክፍሉ ዝምታ ለብቻው ይቀዳል፤ በኋላ ንግግሩ ተቆርጦ ሲገጣጠም ከሥሩ ይነጠፋል። እናቴ ግድግዳውን አየች። እሱ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ እኔን አየ። እኔም ዓይኔን ከእሱ አላነሳሁም። «አመሰግናለሁ» ሲል ብዙ ያወራን መሰለኝ።

ከዚያ ባለሙያው ደወለልኝ። ከሥራ ስወጣ እየጠበቀ እስከ ሰፈሬ ይሸኘኝ ጀመር።

«የእህትሽ ሳቅ እንዴት ነበር?» አለኝ አንድ ቀን።

«መጀመሪያ ትንፋሿ ያልቃል። ከዚያ ጠረጴዛ ትመታለች።»

ስለ አሟሟቷ ያልጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ስለ ሳቋ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። እጄን ሰጠሁት።

አንድ ከሰዓት ግን ፊቱ ጠቁሮ መጣ።

«ዝምታውን ስቀዳ ካሜራው አልጠፋም ነበር» አለ። «እስረኛው ‹ይቅር በሉኝ› ሲል የእናትሽን ፊት አስገብተውበታል። ዝም ብላ ስታዳምጠው። ሙዚቃም አለው።»

«‹አልልም› ያለችውስ?»

«ቆርጠውታል።»

«ይቅር ያለችው ትመስላለች?»

«ትመስላለች።»

እጄን ነጠቅሁት። «ማይኩን የሰካኸው አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ» አለ። አላስተባበለም። ቤት ገብቼ እጄን በሳሙና ታጠብኩ፤ ደጋግሜ ታጠብኩ፤ አልጠራ አለኝ።

ለፊልሙ ምረቃ ከእናቴ ጋር ተጠራን። ያ ቦታ ሲደርስ አዳራሹ ሁሉ አለቀሰ። ሽቶ የተቀቡ ሰዎች የእናቴን ፊት እያዩ እንባቸውን ጠረጉ። እናቴ ክንዴን ጨበጠችኝ። «እኔ ነኝ እንዴ ይቺ?» አለች።

መብራት ሲበራ ከኋላ አንድ ሰው ተነሳ። እሱ ነው።

«እኚህ እናት ይቅር አላሉም። ሲጠየቁ ‹አልልም› ነው ያሉት። የቀዳሁት እኔ ነኝ።»

ዳይሬክተሯ ፈገግታዋ አልጠፋም። «የተለያየ አመለካከት የምናስተናግደው ለዚህ ነው» አለች። ጭብጨባ ሆነ።

እናቴ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወጣች። ደጅ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ከሥራ አባረሩህ?»

«ሳያባርሩኝ ይቀራሉ ብለው ነው፣ እማማ?»

«በል ና፣ አብረን እንሂድ። አንቺም ያዢው እንጂ፣ ምን ይገትርሻል?»

ያዝኩት።

በዓመቱ ተጋባን። እሱ አሁን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል። ፊልሙ ሁሉንም በመወከሉ ተሸልሟል፤ እናቴ ይቅር የምትልበት ቦታም እስከ ዛሬ ከውስጡ አልወጣም።