የተቀረፀ መርዶ

ሮቤ ውስጥ፣ ከጎባ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ አንድ ኮሌጅ በር ላይ፣ ጎረቤቴ መሪየም ቅቅል ድንች በዳጣ ትሸጣለች። ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ብርድ ሰውን ሁሉ ጋቢ ውስጥ ሲሸጉጠው፣ እሷ ድስቷን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላ ድንቹን እንደሞቀ ታቆየዋለች። ተማሪዎቹ እንደ እናት «አዴ መሪየም» እያሉ ይከቧታል። ከእነሱ ውስጥ ሰቢሪና የምትባለውን ልጅ አብልጣ ትወዳለች፤ ሁልጊዜ ስልኳን ትሰጣትና «ልጄ፣ እስኪ ኢሞውን ክፈቺልኝ፤ የመጣ ድምፅ አለ?» ትላታለች።

የምትጠብቀው የአንድ ልጇን የጫሊን ድምፅ ነው። ጫሊ በደሎ መና አውቶብስ ላይ ረዳት ነበር። ጓደኞቹ ወደ ዓረብ አገር ሲሄዱ እሱም ሄደ። ባሕሩን ተሻግሮ የመን ከገባ በኋላ ድምፁ ጠፋ።

ልጆቼ፣ በእኛ አገር መርዶ እንደ ወሬ እንደማይነገር ታውቃላችሁ። ሽማግሌዎች ከሱብሂ ሶላት በኋላ ይሰበሰባሉ። ማን አጠገቧ እንደሚቆም፣ ማን እንደሚይዛት ይመክራሉ። የሚናገረው ሰው ደግሞ ቃሉ የማይጠረጠር ሰው መሆን አለበት። በእኛ ሰፈር ያ ሰው ኦቦ ባዳሳ ነው። ባዳሳ በማለዳ በርህን ካንኳኳ፣ አፉን ሳይከፍት መርዶህን ታውቀዋለህ።

ታዲያ በኮሌጁ ሚዲያ የሚያስተምሩት መምህር በየነ ለተማሪዎቻቸው አጭር ፊልም ሠርታችሁ አምጡ አሏቸው። የነሰቢሪና ቡድን መሪ ሁንዴ የሚባል ቀልጣፋ ልጅ ነው። የስደትን ጉዳት እናሳይ ብለው ተነሱ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ናፍቆት የምትባል የክፍል ጓደኛቸውን የስደተኛ እናት አድርገው ሞከሩ። ልጅቷ ግን ማልቀስ አልሆነላትም፤ ሽንኩርት ቢያሸቷትም ሳቋ ይመጣባታል። መምህሩም አይተው የልጆች ጨዋታ ነው ብለው መለሱባቸው።

ሁንዴ ያኔ መሪየምን አሰበ። ሰቢሪና እንጠይቃትና ትተውንልን ብትለው፣ የመለሰላትን እሷው ናት በኋላ የነገረችኝ።

«ከነገርናት ትተውናለች፤ ካልነገርናት ታለቅሳለች። እኛ የምንፈልገው የቱን ነው?»

ለትምህርት ነው፣ ስንት ወጣት እናድንበታለን፣ በኋላ ይቅርታ እንጠይቃታለን አላት። እሷም ካሜራውን ልትይዝ ተስማማች። ለባዳሳ ደግሞ መሪየም አውቃ ተስማምታለች ብለው ነገሩት። ምስኪን ሽማግሌ፣ ወጣቱን ለማስተማር ከሆነማ ብሎ ጋቢውን ደርቦ ተከተላቸው።

ማለዳ ነው። ሰቢሪና ካሜራውን ይዛ በመስኮቱ በኩል ቆመች። መሪየም በሩን ከፍታ ባዳሳን ስታይ ሌላ ሰው መኖሩን እንኳ አላስተዋለችም። እሱ «መሪየም፣ ጫሊን አላህ...» ብሎ ሳይጨርስ መሬት ላይ ወደቀች። ፊቷን ቧጠጠች። ባዳሳ፣ ይህችስ እንዴት ትችልበታለች ብሎ በልቡ እያደነቃት ነበር። ይህን የነገረኝ እሱ ራሱ ነው።

ከኋላው ሁንዴ ጠራው። «ኦቦ ባዳሳ፣ ድምፁ አልገባም። ከበሩ እንደገና ይግቡልን።»

ባዳሳ ዘወር ብሎ ሲያያት ጉንጯ ይደማል። ምን እንዳስደረጉት ያን ጊዜ ገባው። ዱላውን እዚያው ጥሎ ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ።

እኛ ጎረቤቶች ጩኸት ሰምተን ስንደርስ ሁንዴ እጁን እያወዛወዘ ፊልም ነው እናቶች፣ ፊልም ነው ይላል። ነጠላቸውን አገልድመው ደረት ሊመቱ የመጡት ሴቶች ደርቀው ቆሙ። መሪየም እንደወደቀች የሁንዴን ሱሪ ጨብጣ ያዘች።

«ጫሊ አልሞተም?»

«አዴ፣ ፊልም ነው አልኩሽ እኮ።»

«እሱን አልጠየቅኩህም። ልጄ በሕይወት አለ?»

ሁንዴ ሰቢሪናን አየ። ሰቢሪና መሬት መሬት አየች።

«እሱን... እኛ አናውቅም» አላት።

ፊልሙ በኮሌጁ አዳራሽ የሚመዘንበት ቀን ባዳሳን ጠሩት። እሱ ቤቱን ዘግቶ ተቀመጠ፤ እኔ በእሱ ቦታ ሄድኩ። ምን እንደሚሉ ልስማ ብዬ ነው። የመሪየም ፊት ግድግዳ አክሎ መጣ። ተማሪዎቹ ተራ በተራ እየተነሱ አስተያየት ሰጡ። አንዱ ብርሃኑ ትንሽ ይጨልማል አለ። ሌላዋ ልቅሶው ረዘም ብሏል፣ ግማሹ ቢቆረጥ ተመልካች አይሰለችም አለች። አንዱ ደግሞ ይህችን ተዋናይ ከየት አመጣችኋት ብሎ ጠየቀ።

«በራችን ላይ አለች እኮ፣ ድንች ሻጯ ናት» አለ ሁንዴ።

አዳራሹ ሳቀ። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «ከነገ ጀምሮ ድንቹን ከፊርማዋ ጋር ትሸጥልናለች» ሲል ሳቁ ጨመረ። መምህር በየነም ፈገግ ብለው፣ ትወናው ተፈጥሯዊ ነው፣ መልእክቱ ግልጽ ነው፣ የድምፁ ጉድለት ብቻ ይታረም አሉ።

እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ ግን እጄን አወጣሁ። ሴትዮዋ ተጠይቃ ነበር ወይ አልኳቸው። መምህሩ በአክብሮት ነው የመለሱልኝ።

«አባባ፣ ጥያቄዎ ጥሩ ነው። ግን መመዘኛው ላይ የለም።»

ፊልሙ አንደኛ ወጣ። ቴሌግራም ላይ ተለቀቀና ከተማውን አዳረሰ። የሰፈር ጎረምሶች ድንች ሊገዙ ሲመጡ ደረታቸውን እየመቱ «ጫሊኮ»፣ የኔ ጫሊ፣ እያሉ ልቅሶዋን ያስመስሏታል። እሷ ድንቹን ልጣ፣ ዳጣውን ቀብታ ትሰጣቸዋለች። ስልኳን ለማንም መስጠት ተወች።

ገብስ ሲታጨድ አንድ የጊኒር ሰው ከሳዑዲዋ ጂዛን ተመለሰ። ጫሊ በመንገድ ታሞ መሞቱን፣ እሱም በገዛ እጁ አፈር እንዳለበሰው ለሽማግሌዎች ነገረ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን አልን። ባዳሳ አፌ ተሰብሯል፣ ሌላ ሰው ፈልጉ ብሎ ነበር። እኛ ግን ወጉ እንዳይጓደል ብለን ይዘነው ሄድን።

መሪየም በሩን ከፈተች። ባዳሳን አየች። አልወደቀችም። እሱ እያለቀሰ ነገራት። እሷ በትከሻው በኩል ወደ ውጭ ተመለከተች፤ መጋረጃውን ገለጠች፤ አልጋው ሥር ጎንበስ ብላ አየች።

«ሁንዴን የት ደበቃችሁት?» አለች። «ዛሬስ ድምፁ ገባላችሁ?»

የጊኒሩ ሰው ቁርኣን ይዞ ሊምልላት ወደ ፊት ቢጠጋ ከእግር እስከ ራሱ አይታው «አንተስ የየትኛው ኮሌጅ ነህ?» አለችው። ከዚያ ድስቷን ተሸክማ ወደ ሥራዋ ወጣች። ምንጣፍ አልተነጠፈም፤ ዱዓ የሚያደርጉት ሰዎች ከደጅ ተመለሱ። ልጆቼ፣ ብዙ ሞት አይቻለሁ። እናቱ በሕይወት እያለች፣ እዚሁ ከተማ ውስጥ እየኖረች፣ ለቅሶ የተከለከለ ሟች ግን አላየሁም።

ሰቢሪና ወሬውን ሰምታ እያለቀሰች ቤቴ መጣች። ምን ላድርግ አባባ አለችኝ። እኔም ማልቀሱን ተይና ሂጂ አልኳት፤ ያመነችው አንቺን ነበር፣ በካሜራው ያያትም ዓይን ያንቺ ነው። አብሬያት ሄድኩ።

መሪየም ልጅቷን ደጃፍ ላይ አስቁማ ፈተሸቻት። ሻርፗን አውልቃ አራገፈች፤ ቦርሳዋን መሬት ላይ ገለበጠች፤ የቀሚሷን ኪስ ወደ ውጭ አወጣች። ወጥታ ቤቱን ዞረችና ተመልሳ ተቀመጠች።

«አሁን ንገሪኝ» አለቻት።

«አዴ፣ ጫሊ ሞቷል። ያኔ ዋሽተንሻል። ይሄኛው እውነት ነው።»

መሪየም ፊቷን በእጇ ዳበሰች፤ የቧጠጠችበት ጠባሳ ያለበትን።

«ለልጄ የነበረኝን እንባ ያን ቀን ወስዳችሁብኛል» አለች። «እናንተ ማርክ አገኛችሁበት። እኔ አሁን በምን ላልቅሰው?»

ምንጣፉ ተነጠፈ፤ ሰው መጣ። መሪየም ዓይኗ ደርቆ ግድግዳ ግድግዳ ስታይ፣ ሰቢሪና ጥግ ላይ ተቀምጣ ተንሰቀሰቀች። የማያውቃቸው ለቀስተኛ ሁሉ እየገባ ማጽናኛውን የሚሰጠው ለልጅቷ ነበር። ሰቢሪና በኋላ መምህር በየነ ዘንድ ሄዳ ያንን ውጤት ሰርዙልኝ ብትላቸው፣ ውጤት አንዴ ከገባ አይወጣም አሏት። ሁንዴ ተመርቋል፤ ሥራም ይዟል አሉ።

እናንተ ካሜራ የያዛችሁ ልጆቼ፣ ሥራችሁን አልጠላም። መልካም ነገር ለማስተማር ብላችሁ ግን የሰው ልብ አትስበሩ። መልእክታችሁ የቱንም ያህል ቢያምር፣ የምትቀርፁትን ሰው አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ እምቢ ካለም ተዉት። መምህራንም፣ እባካችሁ፣ ብርሃኑንና ድምፁን ከመመዘናችሁ በፊት «ይህ ሰው ፈቅዷል ወይ?» የሚለውን መመዘኛው ላይ አስገቡት፤ ከሁሉ በላይ አድርጋችሁ ጻፉት። እኛ ዘንድ ሳይጻፍ ቀርቶ አንዲት እናት ልጇን ሳታለቅስ ቀርታለች።