ነጎድጓድን ያዳነ እጅ

ሟቹ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ሲገኝ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ጨዋታው ባለበት ቆሞ ነበር። ባልደረቦቹ «ዳኛው» ይሉታል፤ ድርጅቱ የሚሠራውን የጠፈር ጦርነት ጨዋታ እየፈተነ የትኛው መርከብ ከልክ በላይ እንደበረታ፣ የትኛው ለይስሙላ እንደተቀመጠ የሚፈርድ እሱ ነበርና። ፊት አይቶ አያደላም። ማጅራቱን በብረት የመብራት መቆሚያ ተመትቷል።

ሬሳው ከተነሣ በኋላ መርማሪው ሦስቱን ተጠርጣሪ ባልደረቦች መስኮት በሌለው በዚያው የሙከራ ክፍል አስቀምጦ በሩን አስቆለፈ። የጨዋታውን ሥዕሎች የምትሠራው ሰዓሊ፣ የሟቹ ታናሽ እህት፣ ግድግዳው እየተጠጋ የሚመጣባት መሰላት። የኮምፒውተሩ መዝገብ ወንድሟ ከቀኑ ሰባት እስከ ስምንት ሰዓት ሲጫወት እንደነበር ያሳያል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሞቶ ተገኘ። በዚያች ሰዓት ሥራ አስኪያጇና የመርከቦቹ ነዳፊ አብረው ስብሰባ ላይ ነበሩ። ብቻዋን የነበረችው እሷ ነች፣ ያውም ፊት ለፊት ባለው ክፍል። ወንድሟን ሳትቀብር እስር ቤት ልትገባ ነው።

መርማሪው ግን ግድያውን የረሳው ይመስል ስለ ጨዋታው ይጠይቅ ጀመር። ሥራ አስኪያጇ ሰማዩ እንደሚያፈዝ፣ የከዋክብቱ ንግድና ድርድር ጊዜ እንደሚያስረሳ ነገረችው። ጉድለቱን ስትጠየቅ ነዳፊውን ሰረቅ አድርጋ አየችው። ሦስት ዓመት የደከመባት ነጎድጓድ የምትባል ግዙፍ መርከብ አለችው፤ አርባ ርካሽ የቅኝት ጀልባዎች ከከበቧት አለቀላት። ዳኛው በዚያው ቀን በዘጠኝ ሰዓት ከጨዋታው ትውጣ ብሎ ሊያመለክት ነበር።

«ይስተካከል ነበር» አለ ነዳፊው ቀዝቀዝ ብሎ።

መርማሪው የሟቹን ደብተር ለሰዓሊዋ ዘረጋላት። «ወንድምሽ እንዴት ነበር የሚፈትናት?»

«አርባዎቹን ይለቅባትና ዝም ብሎ ያያታል። አያሸሻትም። ስትነድ ደቂቃዋን ይጽፍና እንደገና ይጀምራል።»

ደብተሩ ላይ አሥራ አንድ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ የሚል ተደርድሯል። የመጨረሻው ቁጥር የተጻፈው በስድስት ሰዓት ተኩል፣ ሁለቱ ሴቶች እስከ ሰባት ሰዓት አብረው ምሳ ወጥተው ሳሉ ነው።

«ከሰባት ሰዓት በኋላ ግን» አለ መርማሪው፣ «መዝገቡ እንደሚያሳየው ነጎድጓድ ከጠፈር ድንጋዮቹ ጀርባ ተደብቃ፣ ስብራቷን እየጠገነች አንድ ሰዓት ሙሉ ኖራለች። ዳኛው መርከብ አያድንም። ያኔ ሞቶ ነበር፤ በስሙ የተጫወተው ሌላ ሰው ነው፣ ከሌላ ክፍል ሆኖ በኔትወርክ ወደዚህ ኮምፒውተር ገብቶ። ሟቹን እስከ ስምንት ሰዓት በሕይወት ያለ ማስመሰል የሚጠቅመው ደግሞ ለዚያች ሰዓት ምስክር ላለው ነው።» ወደ ሥራ አስኪያጇ ዞረ። «ስብሰባው ላይ ላፕቶፕ የከፈተ ነበር?»

«እሱ። ቃለ ጉባኤ ይይዝ ነበር።»

«ላከልዎት?»

ሴትዮዋ አሰበች። «አንድ መስመር እንኳ አላየሁም።»

መርማሪው ነዳፊው ፊት ቆመ። «አምስት ጊዜ ብትነድ ማንም አይጠረጥርህም ነበር። ለምን አልተውካትም?»

«ሞከርኩ» አለ ነዳፊው። «ስትከበብ ማየት አልቻልኩም።»

ወሰዱት። በሩ ተከፈተ፤ ሰዓሊዋ ግን አልወጣችም። ኮምፒውተሩ ላይ ነጎድጓድ እንደተወሸቀች ነች፤ አርባዎቹ መውጫዋን ዘግተው ይጠብቃሉ። መርማሪው የመዝገቡ ቅጂ ለማስረጃ መያዙን ነግሯት ወንበር ሳበላት። ጨዋታውን አስቀጠለች፤ መርከቧን ከድንጋዮቹ መሀል አወጣቻትና እጇን ሰበሰበች። ስትነድ ሰዓቷን አየች። ከዚያ የወንድሟን ደብተር ስባ፣ ከመጨረሻው ቁጥር ሥር አሥራ አንድ ብላ ጻፈች።