ድምፁ የወጣ ኦርጋን

አታምኑኝ ይሆናል። ቢሆንም በራሴ ላይ የደረሰ ነው... አምና ሐምሌ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ዝናብ ሲያወርድ በዋለ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ።

እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ፈርቼ አይደለም።

አፍሬ ነው።

ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ በኮምፒውተር ሙዚቃ አቀናብራለሁ።

ሰኔ ላይ እትዬ ካሰች የሚባሉ እናት ከቡሬ አንድ አሮጌ ኦርጋን በነጠላ ጠቅልለው አመጡልኝ። የልጃቸው የክንፈሚካኤል ነው። በየሰርጉ ይጫወትበት ነበር። መኪና ተገልብጦ ከሞተ ሦስት ዓመቱ።

«ሌላ አልልህም ልጄ፤ ድምፁን ብቻ መልስልኝ» አሉኝ።

ከፈትኩት። የተበጠሰችው አንዲት ሽቦ ነበረች። የአሥር ደቂቃ ሥራ...

ግን ቁልፎቹን ስነካቸው ልቤ ሄደ። ከበድ፣ ለስለስ ያሉ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ቁልፍ ዛሬ አይገኝም። ለራሴ ተመኘሁት።

ሳምንት ቆይቼ ደወልኩላቸው። ተቃጥሏል፣ አይድንም አልኳቸው። ከዚያ እንግዲያውስ አንተው ዘንድ ይቅር፣ ዲዳ ሆኖ ሳየው ያመኛል አሉኝ።

የድምፁን ቦርድ ቆርጬ ጣልኩት። በምትኩ ትንሽ የሚዲ ቦርድ ገጠምኩበት። ከእንግዲህ ኦርጋኑ የራሱ ድምፅ የለውም፤ ቁልፉ ሲነካ ኮምፒውተሩን ያዛል፣ ድምፁ ከኮምፒውተሩ ይወጣል።

በዚያ ቅዳሜ ጨርሼ አገናኘሁት። እጄን ልታጠብ ወጣ አልኩ።

ስመለስ ስክሪኑ ላይ ኖታ ተጽፏል...

የሽቦ ንክኪ ነው ብዬ ፈታትቼ እንደገና ገጠምኩት።

እንደገና ተጻፈ። አንድ በአንድ... ቆም እያለ... አድማጭ እንደሚጠብቅ ሰው።

ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ምንም አይሰማም። እኔ ስነካው ግን ይጮሃል።

ሽቦውን ነቀልኩት።

ቁልፎቹን አየሁ፤ አልቆሙም። ወደ ታች... ወደ ላይ... ማንም ሳይነካቸው።

በማግስቱ ሚኒባስ ላይ ጭኜው ቡሬ ሄድኩ። እትዬ ካሰች ፊት ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ፤ እንደዋሸሁ፣ ድምፁን በገዛ እጄ ቆርጬ እንደጣልኩት። ይረግሙኛል ብዬ ነበር። አልረገሙኝም። መደቡ ላይ አስቀምጠው አሉኝ።

መብራት ጠፍቶ ነበር። ኦርጋኑም ከምንም ጋር አልተገናኘም።

ቁልፎቹ መውረድ ጀመሩ።

እትዬ ካሰች ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን አስጠጉ። ቆዩ...

«እየተጫወተ ነው» አሉ በሹክሹክታ። «እኔ ግን አይሰማኝም። አንተ ይሰማሃል?»

ምንም አይሰማኝም። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

«አዎ፣ እትዬ... ይሰማኛል።»

ቁልፎቹ ቀጥ አሉ።

ከዚያ ሁሉም... ከዳር እስከ ዳር... ባንድ ጊዜ ወደ ታች ተጫኑ።

ተጭነው ቀሩ።