ሐጂን ሰላም ሳልል ያለፍኩ ዕለት

እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ከሰው ሁሉ ቀድማ የምትስቀው እኔ ነኝ፣ ሐኪም ነኝ፣ አንጎል ደም ሲያጥረው ሰው የሌለ ነገር እንደሚያይና እንደሚሰማ ተምሬ ለሌላውም ያስረዳሁ ነኝ፣ ቀጨኔ ተወልጄ ባድግም የሰፈራችንን የጂኒ ተረት አንድም ቀን አምኜ አላውቅም። ይህን የምነግራችሁም አምኜበት ሳይሆን መርሳት አቅቶኝ ነው።

አምና የስትሮክ ሕክምና እንዴት እንደሚሰጥ ለማየት ህንድ አገር አንድ ትልቅ ሆስፒታል ሄድኩ። እዚያ እንግዳ ሐኪም ማየት እንጂ በሽተኛ መንካት አይፈቀድለትም፣ የሰው ፊት ሲጣመም፣ እጁ ሲዝል እያየሁ ዳር ቆሜ ዝም ነው፣ የኔ እጅ ደግሞ አያርፍም፣ የማላውቀው ሰው ኮሌታ ታጥፎ ካየሁ እንኳ ካላስተካከልኩ አልፈው የማልችል ነኝ፣ ስለዚህ እጆቼን ወደኋላ አጣምሬ መቆም ለመድኩ። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ አገር ቤት እንዲህ ቆሜ ያየኝ ሰው የለም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሐኪሞቹ ከአልጋ አልጋ ሲዞሩ እየተከተልኳቸው ሳለ ከጀርባዬ ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ ሰማሁ። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት፣ ድስቱ ሲደርቅ በጣቷ አንጓ ታንኳኳዋለች፣ ደህና ከሆነ ይጮኻል፣ ከተሰነጠቀ ድምፁ ይታፈናል፣ እመኑኝ፣ በዚያ ድምፅ ያደገ ጆሮ አይሳሳትም። ዞር አልኩ፣ መጋረጃ ብቻ ነው። አጠገቤ የቆመችውን ነርስ «ሰማሽ?» ብላት «ምኑን?» አለችኝ። እንደገና ኳ አለ፣ ቀጥሎ አንድ የታፈነ ድምፅ፣ ከዚያ ጭጭ። ድካም ነው ብዬ ራሴን ተቆጣሁ፣ ልቤ ግን እናቴ ዘንድ ሄደ።

ዙሩ እንዳለቀ ስልኳ ላይ ደወልኩ። ያነሱት ሐጂ ሰይድ ናቸው፣ ከበራችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው፣ ከረሜላ እየሰጡ ያሳደጉኝ የወሎ ሰው።

«አንቺ ልጅ፣ የት ገባሽ? እናትሽን ይዘናት ጳውሎስ ሆስፒታል ነን፣ ቶሎ ነይ እንጂ!»

«ሐጂ፣ እኔ እኮ ህንድ ነኝ።»

«በዚህ ሰዓት አትቀልጂ! ቅድም በሱቄ በር አላለፍሽም? ነጭ ጋዋንሽን ለብሰሽ፣ እጅሽን ወደኋላ አጣምረሽ። ዶክተር ብዬ ብጠራሽ ዞር እንኳ ሳትይ ግቢያችሁ ገባሽ። ሰላምታ የአላህ ነው፣ ወላሂ ከፋኝ! ለእናትሽ ልከስሽ ተከትዬሽ ብገባ ሸክላዋ መሃል ወድቃለች፣ አፏ ተጣሟል። አንቺ የለሽም።»

«ሐጂ፣ እናቴን ይንሳኝ፣ ህንድ ነኝ።»

ከዚያ ቀስ ብለው «አኡዙ ቢላሂ» ሲሉ ሰማኋቸው።

እናቴ ሆስፒታል ለመድረስ ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ ወይ አትተርፍም ወይ አንደበቷ ይዘጋ ነበር፣ የጳውሎስ ሐኪሞች ናቸው ያሉኝ። ቤት ውስጥ ብቻዋን ነበረች፣ ሐጂም በዓል ካልሆነ ሱቃቸውን ጥለው የሚመጡ ሰው አይደሉም። እናቴን ያተረፈልኝ የሐጂ ኩርፊያ ነው።

ስመለስ ሱቃቸው ሄጄ ላልሠራሁት ጥፋት ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እቅፍ አድርገው «አፉ ብያለሁ፣ ሁለተኛ እንዳይደገም» አሉኝ፣ እየሳቁ፣ ዓይናቸው ግን እጆቼ ላይ ነበር። ሌላ ልጅ አይተው ይሆናል፣ ጋዋን የለበሰ የሕክምና ተማሪ በሰፈራችን ሞልቷል፣ አዎ፣ ይሆናል። እጇን ማጣመሯስ?

እናቴ አሁን ደህና ናት፣ ንግግሯ ትንሽ ይጎተታል እንጂ እንደ ድሮው ታሾፍብኛለች፣ እንዴት እንደምወዳት ልነግራችሁ አልችልም። ባለፈው እሁድ የዛለ እጇን በቅባት እያሸሁላት ስፈራው የቆየሁትን ጠየቅኳት።

«እማዬ፣ የወደቅሽ ቀን ማን ነበር ቤት?»

«አንቺ ነሻ!» አለችኝ፣ በኔ ሞኝነት እየሳቀች። «በሩ ላይ ቆመሽ ታይኝ ነበር፣ የኔ ዓለም። አፌ እምቢ ሲለኝ ድስቱን እያንኳኳሁ ጠራሁሽ።» ከዚያ ሳቋ ቀረና በደህናው እጇ ጣቶቼን ያዘችኝ። «ብቻ… ለምን አልነካሽኝም?»

እጇን ማሸቴን ቀጠልኩ።