ያርሞ ወጥ ቤት ነበር

«ፈጠራ ነው» የምትሉኝ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። በሉ። እኔ የሆነውን ነው የምጽፈው፤ ለማሳመርም አቅሙ የለኝም።

የካቲት፣ ሐሙስ፣ ቀትር ስድስት ሰዓት። ኦውሉ፣ ሰሜን ፊንላንድ። ፀሐይዋ በረዶው ላይ ዓይን ታጠፋለች። ጨለማ የሚባል ነገር አልነበረም።

ቬንላ እባላለሁ። ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ማንም አላስተማረኝም፤ አንብቤ፣ አበላሽቼ፣ ራሴው ጠግኜ ነው የቻልኩት። ከጎረቤቴ ከያርሞ ጋር የሰውን ፋይል ከጥፋት የሚያድን ትንሽ ፕሮግራም እንሠራለን። ነፃ ነው፤ ኮዱም ለሁሉም ክፍት።

ቤታችንን የሚለየው አንድ አጥር ነው። ግን እግር አናነሳም። ከቤቴ ሆኜ በኔትወርክ የሱ ኮምፒውተር ውስጥ እገባለሁ፤ አንድ ስክሪን ላይ ሁለታችንም እንጽፋለን። ስልካችን ክፍት ሆኖ ይውላል። የለመድነው እንዲህ ነው።

የዚያን ቀን የጻፍኩትን መስመር አንድ ሰው ከፊቴ ያጠፋው ጀመር።

ፊደል... በፊደል።

«አንተ ሽማግሌ፣ እጅህን ሰብስብ! ኮዴን አትንካ።»

«የምን እጅ? የአተር ሾርባ እያማሰልኩ ነው። ታች ወጥ ቤት ነኝ እኮ።»

«አትዋሽ።»

ማንኪያውን ድስቱ ላይ መታልኝ። ኳ... ኳ።

ፊደሎቼ ግን መጥፋታቸውን አላቆሙም።

ኮምፒውተሩ ላይ ማን እንዳለ የምትናገረዋን ትእዛዝ ጻፍኩ።

ሁለት መስመር መጣ። አንዷ እኔ፣ በኔትወርክ የገባሁት። ሌላው ከሩቅ አልገባም። እዚያው ኪቦርዱ ላይ ነው ያለው። ፎቅ ላይ፣ ያርሞ ክፍል።

የስሙ ቦታ ባዶ ነው።

ሊኑክስ ስም የሌለው ሰው አያስገባም።

«ያርሞ» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «ቤት ውስጥ ሰው አለ?»

«ማን ይኖራል? ብቻዬን ነኝ።»

«ኪቦርድህ ላይ ሰው ተቀምጧል።»

 ሌላ ሰው ቢሆን በሩን ከፍቶ ይሮጥ ነበር። ያርሞ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ሎጉን እዪልኝ።»

ሎግ ማለት ኮምፒውተሩ የገባ የወጣውን የሚመዘግብበት ነው። እኔም አየሁለት! የእኛ ነገር እንዲህ ነው፤ ቤቱ ቢቃጠልም መጀመሪያ ሎግ እናያለን።

ኮምፒውተሩ የተከፈተው ዛሬ ጠዋት ነው። ሰውየው የገባው ግን... ያርሞ ያንን ቤት ሳይገዛው በፊት።

«ስህተት ነው» አለኝ በሹክሹክታ። «ሰዓቱ ተሳስቶ ነው።»

«አባርረዋለሁ።»

«ትችያለሽ?»

«ማን መሰልኩህ?»

አንድ መስመር ጻፍኩ። መልሼ አየሁ። እኔ ብቻ ቀርቻለሁ።

«ወጣልህ» አልኩት። ኮርቼ ነበር።

ማማሰሉን አቆመ።

«ያርሞ?»

«ቬንላ...» ድምፁ ቀጥኗል። «ወንበሩ ጮኸ።»

«የቱ ወንበር?»

«የላይኛው። ተነሳ... አስነሳሽው።»

ከዚያ የእንጨት ደረጃው ሲጮህ እኔም በስልክ ሰማሁት። ሲጢጥ... ዝም... ሲጢጥ...

«ውጣ! አሁኑኑ ውጣ!»

በር ተከፈተ፤ ተዘጋ። ጫማዬን እንዴት እንዳጠለቅኩ አላውቅም። አጥሩን ዞሬ ደረስኩ።

ያርሞ በረዶው ላይ በካልሲ ቆሟል። ምንም አልሆነም። ትከሻውን ያዝኩት፤ እንጨት ነው። እኔም እንደዚያው። ፍርሃቱ እስኪመጣ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ውስጤ ባዶ ነበር።

«ደህና ነህ?»

«እም።»

እጆቹ ባዶ ናቸው።

«ስልክህስ?»

«ጠረጴዛው ላይ... ጥዬው ወጣሁ።»

የኔ ስልክ አሁንም ጆሮዬ ላይ ነው። መስመሩ አልተቋረጠም።

ሰው ይተነፍሳል። ቀስ ብሎ፤ ሳይቸኩል።

ከፊታችን የተዘጋው በር ላይ ወደ ውስጥ የምታሳይ ትንሽ መስታወት አለች። ስልኩ ውስጥ ያለው ትንፋሹን ሲያስወጣ... መስታወቷ ከውስጥ በኩል ትደበዝዛለች። ሲስብ ትጠራለች።

ያስወጣል...

ትደበዝዛለች።