ሙሉ ጉልበት ላይ የጠፋ ሞተር

የጀልባ ጋራዡ ባለቤት አስከሬን ከግድቡ ሥር ከተነሣ ሦስት ሰዓት አልሞላም፤ ገዳዩ ግን ተገኝቷል። የጋራዡ ሰው ሁሉ በአንድ አፍ የሚለው ይህንኑ ነበር። ገዳይ የተባለው መካኒኩ ነው፤ የሞተር ካንዴላ ሲፈታና ሲያስር ስለሚውል ካንዴላ ይሉታል። እጁ በካቴና ታስሮ የጎማ ቁልል ላይ ተቀምጧል። የሟች ሚስት በጥፊ ያጋለችው ጉንጩ ገና አልበረደም።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለች ሚስትዮዋ መርማሪዋን። «ሞተሩ ሚኒሞ አልይዝ ብሎ፣ ጋዝ ተለቆ ቀስ ባለ ቁጥር እየጠፋ ሦስት ሳምንት አስቸገረ። ይሄ ሰውዬ ሠርቼዋለሁ አለ፤ ባሌ አምኖት ወጣ፤ ሞተ። ምኑ ይመረመራል?»

መርማሪዋ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ቀጭን ሴት ናት። አለቃዋም በስልክ «መካኒኩን ይዘሽ ነይ፤ ነገሩ ያለቀ ነው» ብሏታል። ተዘግቶ የሚመጣ መዝገብ ግን አይጥማትም።

ጀልባው ከወንዙ ተጎትቶ ጋሪ ላይ ቆሟል። የግድቡን ግንብ መትቶ አፍንጫው ተጨፍልቋል፤ ከመሪው ወደ ኋላ ግን ጭረት እንጂ ስብራት የለውም። ከሆዱ ሥር ውኃ ስቦ በስተኋላ በኃይል እየተፋ የሚሄድ ዓይነት ነው። የሚታጠፈውም በሚተፋው ውኃ ስለሆነ፣ ሞተሩ ከጠፋ መሪው ጌጥ ነው። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የጋዝ ማንሻውን አየች። እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ተገፍቶ፣ በግጭቱ ተጣሞ እዚያው ተነክሷል። ብትስበው አልነቃነቅ አለ።

ወደ መካኒኩ ሄደች። «ሚኒሞው ምን ሆኖ ነበር?»

«የአየር ቱቦው ተሰንጥቆ አየር ይስብ ነበር። ቀየርኩት። ትናንት ዳር ላይ አስሬ አንድ ሰዓት ሙሉ አስነሣሁት፤ ንቅንቅ አላለም። ግን ማን ይሰማኛል?»

«እኔ እየሰማሁህ ነው። ስትሞክረው የነዳጁ ክዳን ተዘግቶ ነበር?»

«ክፍት ነው። ምን ያህል እንደሚጠጣ ለማየት መለኪያ ዘንግ ታንኩ ውስጥ ከትቼ ነው የምሞክረው። ሁልጊዜም።»

የሟች ታናሽ ወንድም የጋራዡ ቀለም ቀቢ ነው። ሳይጠሩት መጣ።

«ዳር ቆሜ አይቻለሁ» አለ። «ግድቡ አፍ ላይ ሊዞር ቀስ ሲል ጠፋበት። ሚኒሞ ነው፤ ጆሮ ያለው ሁሉ ያውቃል።»

«በጀልባው ጎን ያለውን ቀይ መስመር አንተ ነህ የቀባኸው? ያምራል።»

«እህቴ፣ እንዲህ ያለ ቀይ ሱቅ አታገኚም። ራሴ ነኝ የምቀምመው።» በአንገቱ ያንጠለጠለውን ቁልፍ አሳያት። «ጣሳው ሣጥን ውስጥ ነው፤ ከእኔ በቀር የሚነካው የለም። ከትናንት በስቲያ ነው የቀባሁት።»

በመጨረሻ ሚስትዮዋን ለብቻ ወሰደቻት።

«ባለቤትሽ ለምን እስከ ግድቡ ሄደ?»

«ልማዱ ነው። የተጠገነ ጀልባ ሁሉ ታንኩን ሞልቶ በሙሉ ጉልበት እስከ ግድቡ አፍ ሳያበር አያስረክብም። ለምኜው ለምኜው ደክሞኛል።»

«የሞተሩን ድምፅ ሰምተሻል?»

«ሲያጓራ ነበር። ከዚያ ቀጥ።»

«ቀስ አላለም?»

«እሱ ቀስ ማለት መቼ ያውቃል።»

«ከሰው ተጣልቶ ነበር?»

«ከማን ያልተጣላ? ትናንት ማለዳ ወንድሙን ‹ከእንግዲህ ጋራዡን የሚመራው ካንዴላ ነው፤ ካልጣመህ በሩ ያውልህ› አለው። ለገዛ ገዳዩ ነው ለካ የሰጠው።»

መርማሪዋ ተመልሳ ጣቷን በቀዩ መስመር ላይ ቀስ አድርጋ ነዳች። የብሩሹ ፈለግ ከጫፍ ጫፍ አግድም ነው፤ አንዲት ነጥብ ላይ ብቻ ወደ ታች ወርዷል። ከዚያ ሁሉንም ጋሪው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። የመካኒኩንም ካቴና አስፈታች።

«ደግሞ ፈታችው» አለ ቀቢው።

«ቁልፉን አዙር» አለችው መካኒኩን።

ማስነሻ ሞተሪኖው አሽከረከረ፤ ሞተሩ ግን አልተነሣም።

«አላልኩም?» አለ ቀቢው።

መርማሪዋ የነዳጁን ክዳን ፈታችው። ታንኩ እንደ ታፈነ ሰው ረጅም ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳበ። «አሁን አዙር።»

አንዴ አስነጠሰ፣ ተነሣ፣ እኩል ምት ይዞ ቆመ። «ያለ ውኃ ይቃጠላል» ብሎ መካኒኩ ቶሎ አጠፋው።

«ሚኒሞው ደህና ነው» አለች። «ደግሞም የሚኒሞ ችግር ሞተር የሚያጠፋው ጋዝ ሲለቀቅ ነው። ይሄ ማንሻ ግን ሙሉ ላይ ነው የተነከሰው፤ ሚስቱም ሲያጓራ ቀጥ አለ ብላለች። ስለዚህ ሞተሩ የጠፋው ነዳጅ ተከልክሎ ነው። ታንክ ነዳጅ በሰጠ ቁጥር አየር ካልተካ ይታፈናል፤ እስከ አፉ የተሞላ ደግሞ ቶሎ። የሚተነፍስባት ቀዳዳ በቀዩ መስመር ላይ ናት፤ ተደፍናለች። ትናንት ያልታወቀው ካንዴላ ክዳኑን ከፍቶ ስለሚሞክር ነው። ይህን ልማዱን እዚህ የማያውቅ የለም።»

ቀቢው ፊቱ ገረጣ፤ አፉ ግን አልተያዘም። «ቀለም እንዳይገባባት ሁሌ በሰም እደፍናታለሁ። ረሳሁት። መርሳት ወንጀል ነው?»

«አይደለም።» ከጸጉሯ ማስያዣ ሽቦ ነቅላ ሰሙን ፈልቅቃ አወጣችው፤ በእጅ ባትሪዋ ቀዳዳዋን አበራች። የውስጥ ግድግዳዋ ዙሪያውን ቀይ ነው፤ ቀለሙ ፈስሶ ደርቋል። «ስትቀባ ክፍት ነበረች። ሰሙ የገባው ቀለሙ ከደረቀ፣ ወንድምህም በሩን ካሳየህ በኋላ ነው። ከላዩም በዚያው ቀይ ወደ ታች ተዳብሷል፤ ጣሳውን ከአንተ በቀር የሚነካው እንደሌለ የነገርከኝ አንተው ነህ። ቀስ ሲል ጠፋ ብለህ የዋሸኸውም ነገሩ ሚኒሞ እንዲመስል ነው። ወንድምህን ለግድቡ፣ ካንዴላን ለእስር ቤት።»

ቀቢው ወደ ሚስትዮዋ ዞረ። «ለባዳ ሰጠው» አለ። «ሃያ ዓመት ቀብቼለት ለባዳ ሰጠው።»

ከመካኒኩ እጅ የወለቀው ካቴና የእሱን እጅ ያዘ።

ግቢው ጭር ሲል መካኒኩ አንጓውን እያሻሸ ከጋሪው አልራቀም። «ክዳኑን ዘግቼ ሞክሬው ቢሆን» አለ፣ የጠየቀው ሳይኖር፣ «እዚሁ ዳር ላይ ይጠፋልኝ ነበር።»

ሚስትዮዋ ወደ እሱ ዞረች። «ነፃ ነህ ያለችህ እሷ ናት» አለች። «እኔ አላልኩህም። ሂድ ከፊቴ።»

መካኒኩ የነዳጁን ክዳን መልሶ አጠበቀና ሄደ።